ሁለት ያልተነኩ ሳህኖች

እናቴ ሚዛኑ ፊት ስትወድቅ ሂርጳ አላነሳትም። ታሪኬን ከዚህ የምጀምረው በዚያን ቀን እኔም ከሁሉ በፊት ያየሁት ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ሂርጳ የታላቅ እህቴ የኩሌ ባል ነው። ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እናቴ በምትሠራበት ቡና ማበጠሪያ ካቦ ከሆነም ብዙ አልቆየም፤ ለቃሚዎቹ ያጸዱትን ቡና እየመዘነ የሚረከበው እሱ ነው። እናቴ ጆንያዋን እየጎተተች ሚዛኑ ፊት ደረሰች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ተዘረጋች። ሂርጳ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ከዚያ ቀጥ አለ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሴቶቹ ከየቦታቸው እየተነሡ ሲሮጡ እሱ እዚያው ተተክሎ ያይ ነበር።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ጠላሁት። እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም።

አዴ ብሪቱ የምትባለው የእናቴ ጓደኛ እየሮጠች መጥታ ክብሪት ጫረችና ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘች። ከኋላ አንዷ በሹክሹክታ «ያው ነው፤ የሚጥል በሽታ ነው» ስትል ሰማሁ። አንዳንዶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ከተማ ይህ በሽታ አለባት የተባለችን ሰው ስትወድቅ የሚነካት የለም፣ ይተላለፋል ይባላል። ሂርጳም ያንን ፈርቶ ነው አልኩ በሆዴ። ቆይ ብቻ፣ ለኩሌ ባልነግርብህ!

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ያደረገችው ነጠላዋን ማስተካከል ነበር።

እስቲ በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ቶለሺ ነው። ነቀምቴ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር፣ የጠዋት ፈረቃ። ቤታችን ጨለለቂ ሰፈር ነው። አባቴ የጎጃም ሰው ሲሆን መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ አኖ ካምፕ ውስጥ ይኖራል፣ በወር አንዴ ይመጣል። እናቴ ዲንቄ እዚሁ ወለጋ የኡኬ ልጅ ናት። ከአባቴ ጋር አማርኛ፣ ከእናቴ ጋር ኦሮምኛ እናወራለን፤ ስንጣላ ሁለቱንም። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ቡና ማበጠሪያው እሄድና በር ላይ ከእናቴ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ምግብ እቀበላለሁ። እንጀራው ውስጥ ባቄላ ወጥና ጎመን አለ። «ተርፎኝ ነው፣ ጠግቤያለሁ» ትለኛለች። እኔና ሁለቱ ትንንሽ ወንድሞቼ እየተሻማን እንበላዋለን። እንዴት ያለ ምሳ ነው ይህን ያህል የሚተርፈው ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ምሳው የመሥሪያ ቤቱ ነው። የመጣውም በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ክረምቱ እንደወጣ ወይዘሪት ጽጌ የምትባል የሥነ ምግብ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። የሠራተኛውን ጤና ስታይ፣ ሴቶቹ ግማሾቹ በቆሎ ቆሎ፣ ግማሾቹ በባዶ ሆድ ሲውሉ አገኘች። ሥራ አስኪያጁን አስጨንቃ ወጥ ቤት አሠራች፣ የቆርቆሮ አዳራሽ አስቆመች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አስገባች። ካቦውም፣ ጸሐፊውም፣ ለቃሚዋም ባንድ ገበታ እንዲበሉ ያደረገችው እሷ ናት። ምግብ ስለሚሰጥም ከቤት መቋጠር ቀረ፤ መጋዘን ውስጥ መብላትማ አይጥ ያመጣል ተብሎ ጭራሽ ተከለከለ።

እናቴ ወደወደቀችበት ሰኞ ልመለስ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ደበላ ከቢሮው ወጥቶ መጣ። የሸዋ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበረበት።

«ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም» አለ ለአዴ ብሪቱ። «ባለፈው የማሽኑ ቀበቶ አጠገብ ነው የወደቀችው። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቢሆን ምን ነበር የምናነሣው? እኔ ሬሳ አልረከብም። እስከ ረቡዕ ትልቀምና ሐሙስ ስንብቷን ትውሰድ።»

እናቴ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ሄደች። ቤት ስንደርስ ብቻ፣ ቀስ ብላ «የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ልጅ ናት ብለው ኩሌን ያሟት ይሆን?» አለች። የእንጀራችንን ነገር አላነሣችም። ያ ስም ከወጣብን ማን ሌላ ሥራ እንደሚሰጣትም አላነሣችም። እኔ ግን ሌሊቱን በሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

በማግሥቱ ወይዘሪት ጽጌ የምሳው ነገር እንዴት እንደሆነ ልታይ ተመልሳ መጣች።

አቤት፣ ያየኋት ጊዜ! አጭር ናት፣ ጠጉሯ አፍሮ ነው፣ ድምፅዋ ከቁመቷ ይበልጣል። «ጓዲት ጽጌ» ሲሏት «ጽጌ በቂ ነው፣ ጓዲቱን ለስብሰባ አስቀምጡት» ትላለች። ቢሮ ገብታ ወረቀት የምታገላብጥ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ሴቶቹ መካከል ቁጭ አለችና ቡና መልቀም ጀመረች። ጥቁሩን ትታ ደህናውን ስታወጣ አዴ ብሪቱ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

«ማሎ፣ ይቺን ልጅ አንሡልን! በአንድ ቀን ቡናውን ልትጨርሰው ነው!»

ጽጌ ኦሮምኛ አትችልም። አስተርጓሚ ሆኖ የተሰጣት ሂርጳ ነበር። ታዲያ ስለ ሆዳቸው፣ ስለ ወር አበባቸው፣ ስለ ጡት ሲጠየቁ ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም። ሂርጳም ጆሮው ቀላ። ይህን ጊዜ አዴ ብሪቱ ከበሩ ጎትታ አመጣችኝ። «ይቺ የዲንቄ ልጅ ሁለቱንም ታንበለብለዋለች። አንተ ወደ ሚዛንህ ሂድ!»

እንዲህ ነው አስተርጓሚ የሆንኩት። ጽጌ አንድ በአንድ የዓይናቸውን ሽፋን ገልበጥ አድርጋ ታያለች፣ ጥፍራቸውን ታያለች፣ ከዚያ «ትናንት ከነጋ ጀምሮ አፍሽ ውስጥ የገባውን ሁሉ ንገሪኝ» ትላለች። አትቆጣም፣ አትገረምም። አንዷ «ምንም» ስትል «ውሃስ?» ትላታለች፣ «ቆሎስ?»፣ «ልጅሽ ያስተረፈውስ?» ሴትየዋ በመጨረሻ ስቃ ሁሉንም ትዘከዝካለች። አንዴ ሻይ ከምሳ ጋር አትጠጡ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ጠጡ፣ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ይሻማባችኋል አለች። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ሲቢላ? ብረት?» አለች አዴ ብሪቱ። «እኛ ሚስማር እንበላለን እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጽጌ ምን እንዳሳቃቸው ስነግራት ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከዚያ ከጎመኑ አንዱን ቅጠል አንሥታ «ሚስማሩ ይኸው፣ እዚህ ውስጥ ነው፣ ደም የሚሠራው እሱ ነው» ብላ ስታስረዳቸው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጎመን ስሙ ሚስማር ሆነ።

የእናቴ ተራ ደረሰ። ጽጌ ስለ መውደቋ ሰምታለች። የእናቴን ዓይን አየች፣ እጇን ይዛ ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ ምሳ እዚህ ይበላሉ?»

እናቴ መሬት መሬት እያየች በኦሮምኛ «እበላለሁ፣ ተመስገን» አለች። «ጠግቤ ለልጆቼም ይተርፈኛል።» ተረጎምኩ።

ጽጌ ወደ እኔ ዞረች። «ይተርፋቸዋል?»

«አዎ፣ በየቀኑ እኔ ነኝ የምወስደው» አልኩ፣ የምትደሰት መስሎኝ።

አልተደሰተችም። «እዚህ የሚቀርበውን ልክ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቀኑን ሙሉ ለምትሠራ ሴት የሚተርፍ አይደለም። ነገ ከእኔ ጋር ቁሚ። ሰው እንዳታይ፣ ሳህኑን ብቻ እይ።»

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምን። ወጡ በየቆርቆሮ ሳህኑ ታደለ። ጸሐፊው፣ የማሽን ሠራተኞቹ፣ ለቃሚዎቹ ሁሉ ተቀመጡ። ሳህን ማየት ቀላል ይመስላችኋል? እኔ ሳላውቀው ወደ ሰው ፊት እሄዳለሁ፤ ጽጌ በክርኗ ትጎስመኛለች። አዴ ብሪቱ ሳህኗን በእንጀራ ስትወለውል ታጠበ ማለት ይቻላል። ቀስ በቀስ ሳህኖቹ ባዶ ሆኑ። ከጠረጴዛው ወዲህኛው ጫፍ ግን አንድ ሳህን ሙሉውን ነበር። የእናቴ። እጇ ጭኗ ላይ ነው።

«ሌላስ?» አለች ጽጌ በጆሮዬ።

ጠረጴዛውን እስከ ማዶ ተከትዬ አየሁ። በወዲያኛው ጫፍ ሌላ ሙሉ ሳህን ነበር። የሂርጳ።

ሂርጳ ተነሥቶ ወጣ። ይህን ጊዜ እናቴ ከነጠላዋ ሥር ኮባዋን አውጥታ እንጀራዋን ጠቀለለች። ከዚያ ልትሰጠኝ በዓይኗ ፈለገችኝ።

ጽጌ ከወጥ ቤቱ ኋላ ወደ እንጨቱ ክምር ወሰደችኝ። «ያ ካቦ ምናችሁ ነው?»

«የእህቴ ባል።»

«እቤታችሁ ይመጣል?»

«እሁድ እሁድ።»

«ሲመጣ ምግብ ይበላል?»

«ጥርግ አድርጎ!»

«እናትሽስ አብረውት ይበላሉ?»

«ኧረ! እማዬማ ጓዳ…» አልኩና አፌ ተከፍቶ ቀረ።

ጓዳ ናት። ሁልጊዜ እሱ ሲመጣ ጓዳ ናት። ወጉ ነው፤ አማት ባማቿ ፊት እህል አትቀምስም፣ እሱም በፊቷ አይቀምስም፣ ስም አይጠራሩም፣ አይነካኩም። እናቴ ሂርጳን አንድም ቀን ሂርጳ ብላው አታውቅም፣ «አባ ሚዛን» ነው የምትለው። ሰፉ ይባላል፣ የመከባበሩ ድንበር እንደማለት። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዘመዱ ቤት ሳየው ከመኖሬ የተነሣ እንደ ቤታችን ግድግዳ ነበር፤ ማን ግድግዳ ያያል? ለጽጌ ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገርኳት። የተዘረጋው እጁም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሽታ ፈርቶ አልነበረም!

ጽጌ እንጨቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ጠረጴዛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች። «አለቃ ካልበላበት ወጡ ውሃ ይሆናል ብዬ። ለሁሉም ምሳ አመጣሁ ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ አወራሁ፤ ለካ እናትሽ ቀድሞ የነበራቸውን ቆሎ እንኳ ነጥቄያቸው ነው የሄድኩት።»

ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ግን ወዲያው ተነሣች። ይህን ነው ከሁሉ ያደነቅኩት። ተምራ፣ ከዋና ከተማ መጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት «ስህተቱ የኔ ነው» አለች፤ ለማልቀስም ጊዜ አልሰጠችውም።

አዴ ብሪቱን ጠርተን ጠየቅናት። «እኛማ እናውቃለን» አለች። «ግን ጠቅልላ ስትወጣ ጆንያው ጀርባ ተደብቃ የምትበላ መስሎን ነበር። ክልክል ስለሆነ እንዳናስይዛት ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ሂርጳን ሚዛኑ ጋ አገኘነው። ጽጌ ስትጠይቀው ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ሰቀለ።

«ምሳ አይበሉም መሰለኝ ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ስትጠይቃቸው እበላለሁ አሏት። እኔ ከሥራ በኋላ ሻይ ቤት እበላለሁ፣ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ። ገበታው ላይ አልቀመጥም ብል ደግሞ ካቦው ከሠራተኛ ጋር መብላት ተጸየፈ ይባላል። ሰኞ ሲወድቁ…» እጆቹን አየ። «እጄ እምቢ አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ነገ የሚያሰናብቷቸው ከሆነ እኔ ሥራዬን እለቃለሁ።»

«ሥራህን ያዝ» አለችው ጽጌ። «ወንበሩን ከለቀቅህ ይበቃል።»

ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ቤት ቀረሁ። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከቢሮው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አልታመሙም፣ ተርበው ነው» ሲል የጽጌ ድምፅ ተሰማ።

«ምሳ እየሰጠናት?»

«ምሳ ሰጥተናቸዋል፣ የሚበሉበት ቦታ ነሥተናቸዋል።» ነገሩን ሁሉ አስረዳችው። የራሷን ስህተት አስቀደመች። ጓድ ደበላ ጠረጴዛውን መታ።

«ይህ እኮ ኋላ ቀር ባህል ነው! ልንታገለው ይገባል!»

«ይታገሉት፣ ጓድ ደበላ። ከምሳ በኋላ።»

ለአለቃ እንዲህ አይባልም። ጓድ ደበላ ግን ሳቀ! ሳይፈልግ፣ በአፍንጫው።

«ምን ላድርግ ነው የምትይኝ?»

«በሁለት ዙር ይበላ። መጀመሪያ ሚዛንና ማሽን፣ ቀጥሎ ለቃሚዎች። ከአንድ ድስት ይውጣ እንጂ ባንድ ሰዓት ካልተበላ እኩልነቱ አይጎድልም። ለሠራተኛው ምግቡ ትኩስ እንዲደርስ ነው እንላለን፤ የማንም ስም አይነሣም። እሳቸውን ወሩ እስኪያልቅ ከማሽኑ ያርቋቸውና ይዩ። ከወደቁ እኔ ራሴ መጥቼ ተሳስቼ ነበር እላለሁ።»

«ወሩ እስኪያልቅ» አለ። «አንድ ቀን አልጨምርም።»

እናቴ አማርኛ ትሰማለች። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

በምሳ ሰዓት የመጀመሪያው ዙር በልቶ ወጣ። ሂርጳ ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ፣ አዳራሹ እንዳይታየው ፊቱን ወደ ግቢው በር አዙሮ ቆመ። ለቃሚዎቹ ገቡ። እናቴ ደፍ ላይ ቆማ ወዲያኛውን ጫፍ አየች። ባዶ ነው። ተቀመጠች። ሳህኗ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ መብላታቸውን ትተው አፍጥጠው ያዩዋት ጀመር።

«ሰው ሲበላ አይታይም፣ አትዩአቸው!» አለች ጽጌ።

«እኔ የማየው ሚስማሩን ነው!» አለች አዴ ብሪቱ፤ ሁሉም ስቆ ወደ ሳህኑ ዞረ።

እናቴ ቆረሰች። ጎረሰች። መጀመሪያ ቀስ፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ ፈጠን። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ኮባው ከነጠላዋ ሥር እንደተጣጠፈ ቀረ። በዚያን ቀን እኔና ወንድሞቼ በምሳ ፈንታ ድንች ቀቅለን በላን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች የለም።

ወሩ አለቀ፤ እናቴ አልወደቀችም። ሌላ ወርም አለቀ። ጓድ ደበላ ወደ ቦታዋ መለሳት፤ የስንብቱ ነገር ዳግመኛ አልተነሣም። «የሚጥል በሽታ» የሚለውም ከሰፈር ወሬ ጠፋ። ጽጌ ወደ ሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ሄደች፤ እዚያም የሰው ሳህን እያየች ይሆናል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነኝ። መምህራችን ምን መሆን እንደምንፈልግ ሲጠይቀን የሥነ ምግብ ባለሙያ ብዬ ብድግ አልኩ። ከኋላ አንዱ «ወጥ ቤት በይው!» አለና ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ይህንን ታሪክ ነገርኳቸው፣ እንዲህ እንደጻፍኩላችሁ፤ ስጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ያ ልጅ ራሱ በእረፍት ሰዓት መጥቶ እናቱ ምሳ እንደማትበላ ነገረኝ። «እናትህ የት ነው የምትቀመጠው?» አልኩት።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልጨርስ ነበር። በዚያው ሳምንት እሁድ ሂርጳና ኩሌ ቤታችን መጡ። እናቴ እንደ ወጉ ጓዳ ገባች። የቀቀለችውን አንጮቴ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሳ በሳህን ሰጠችኝና «ለአባ ሚዛን ስጪ» አለች። ወሰድኩለት። ሂርጳ ሳህኑን ተቀበለ፣ ግን አልነካውም።

«እሳቸውስ ይዘዋል?» አለኝ በዝግታ።

ጓዳ ገባሁ። እናቴ ባዶ እጇን ቆማለች። «አዮ፣ ይዘሻል ወይ እያለ ነው» አልኳት።

እናቴ ከድስቱ ለራሷ አወጣች። የጓዳው መጋረጃ ጋ ተመልሼ «ይዛለች» አልኩ።

ሂርጳ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ፣ እኔን እያየ፣ መጋረጃውን ግን እንዲያልፍ። «ኛዻ በይልኝ። ይብሉ በይልኝ።»

መተርጎም አላስፈለገም። መጋረጃውን ይዤ በሁለቱ መካከል ቆምኩ። በወዲህ በኩል አንድ ሳህን ተንኳኳ። በወዲያ በኩል ሌላው።